ዓሣ በሴንቲ ሜትር አይቆጠርም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በቅርቡ ስለ ትናንሽ የኮራል አኳሪየሞች፣ ማለትም ኮራል የተባሉት የባሕር እንስሳትና ዓሦች አብረው ስለሚኖሩባቸው የመስታወት ገንዳዎች፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ ጀምሬ በብስጭት ጨረስሁት። ጸሐፊው የጨው ውኃውን አዘገጃጀትና የመብራቱን ነገር አሳምረው ካስረዱ በኋላ፣ «ስንት ዓሣ ይግባ?» የሚለው ዋናው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ «ለሁለት ሊትር ውኃ አንድ ሴንቲ ሜትር ዓሣ» ብለው አለፉት። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ቀመር የሚጠላ ሰው አይደለሁም። ይህንን ቀመር ግን ተማሪ ቢያመጣልኝ በቀይ እስክሪብቶ እሰርዘው ነበር።

እስቲ በእኔ ገንዳ ላይ እንሞክረው። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ከፍታው 35 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሲባዛ 63 ሊትር ይመጣል። በቀመሩ መሠረት 31 ሴንቲ ሜትር ዓሣ ተፈቅዶልኛል ማለት ነው። ብሉ ታንግ የሚባለው ሰማያዊ ዓሣ አድጎ ሲጨርስ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ አንዱን ባስገባ ደንቡን አልተላለፍሁም፤ እንዲያውም አንድ ሴንቲ ሜትር ይተርፈኛል። ዓሣው ግን ወርዱ 30 በሆነ ገንዳ ውስጥ እንዴት ፊቱን እንደሚያዞር ጸሐፊው አልነገሩንም።

ሊትሩም ቢሆን 63 አይደለም። ውኃው እስከ አፉ አይሞላም፤ ከታች አሸዋ፣ ከመሃል ድንጋይ አለ። ይህ ሁሉ ተቀንሶ 50 ሊትር ከተረፈ ጥሩ ነው። ከሁሉ የባሰው ስሕተት ግን ርዝመትን እንደ ሸክም መቁጠሩ ነው። ተመሳሳይ ቅርጽ ያላቸው ሁለት ዓሦች ቢኖሩና አንዱ 5፣ ሌላው 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ትልቁ የትንሹን ስምንት እጥፍ ያህል ይመዝናል። የሚበላውም የሚተነፍሰውም የሚያቆሽሸውም በአካሉ መጠን እንጂ በማስመሪያ አይደለም።

ዓሣ አሞኒያ የተባለውን መርዛማ ቆሻሻ በአብዛኛው በስንጥቡ፣ ማለትም በመተንፈሻው፣ በኩል ያስወግዳል። በድንጋዩና በአሸዋው ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። የባሕር ውኃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከ8 በላይ ስለሆነ ደግሞ ከአሞኒያው መርዛማው ድርሻ ከጨው አልባ ገለልተኛ ውኃ ጋር ሲነጻጸር በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በዚህ ላይ ሌሊቱ አለ። መብራቱ ሲጠፋ በኮራሉ ሥጋ ውስጥ የሚኖሩትና እንደ ተክል በብርሃን የሚሠሩት ጥቃቅን አልጌዎች ኦክስጅን መሥራታቸውን ያቆማሉ፤ ኮራሉም ዓሣውም ባክቴሪያውም ግን መተንፈሳቸውን አያቆሙም። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ የባሕር ውኃ በሊትር ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን 7 ሚሊ ግራም እንኳ አይሞላም፤ ጨው የሌለው ውኃ ከ8 በላይ ይይዛል። ስለዚህ የዓሣው ቁጥር የሚወሰነው ቀን ሲያምር ታይቶ ሳይሆን፣ ሌሊት ውኃውን የሚያንቀሳቅሰው ፓምፕ ቢቆም ማን እስከ ንጋት ይቆያል ተብሎ ነው።

«ጠንካራ ማጣሪያ ይገዛል» የሚሉኝ አሉ። ይገዛ። ማጣሪያ ቆሻሻ ይቀንሳል፤ መስታወቱን ግን አያሰፋውም። ዳምሰልፊሽ የተባለችው ትንሽ ዓሣ ብዙውን ጊዜ ከ10 ሴንቲ ሜትር ባትበልጥም ገንዳውን በሙሉ የእኔ ነው ብላ ሌላውን ስታሳድድ ትውላለች። ክላውንፊሽ የተባለው ዓሣም ቢሆን ጥንድ ሆኖ ከተስማማ በኋላ ሦስተኛ ሲጨመርበት፣ በጠባብ ቦታ መሸሻ ስለሌለ ሦስተኛው ይደበደባል። የሚገርመው፣ እነዚህ ዓሦች ሁሉም ወንድ ሆነው ያድጋሉ፤ ከጥንዱ የበላይ የሆነው በኋላ ሴት ይሆናል። ቤቱን የምትገዛውም እርሷ ናት።

እኔ ጋር ያሉት ሁለት ክላውንፊሾችና ጎቢ የተባለ አንድ ትንሽ ዓሣ ናቸው። ጎቢው ከታች፣ ከአሸዋው ላይ፣ ጉድጓድ ከሚቆፍርለት፣ ፒስቶል ሽሪምፕ ከተባለ ትንሽ የባሕር እንስሳ ጋር ይኖራል፤ ሽሪምፑ ዓይኑ ደካማ ስለሆነ ጎቢው ዘብ ይቆምለታል። ሁለቱ ክላውንፊሾች ደግሞ የላይኛውን ጥግ ይዘዋል። እንግዳ ሁሉ «መሃሉ ባዶ ነው እኮ» ይለኛል። ልጄ ማንዳሪን የተባለውን ባለ ቀለም ዓሣ ጨምር እያለች ትለምነኛለች። እምቢ ብያለሁ፤ ማንዳሪን ከድንጋይ ላይ ጥቃቅን ሕይወት ያላቸውን ፍጥረታት ቀኑን ሙሉ ሲለቅም የሚውል ነው፤ የእኔ ገንዳ የሚያፈራውን ቶሎ ጨርሶ በረኃብ ይሞታል።

ሁለት ወይም ሦስት ትናንሽ ዓሦች፣ ሲያድጉ የሚደርሱበት ርዝመት ታስቦ፣ ሰላማዊው ቀድሞ ጉልበተኛው መጨረሻ እየገባ፤ ለ60 ሊትር ገንዳ የእኔ መልስ ይህ ነው። ጭራሹንም ዓሣ አይግባ አልልም፤ ኮራሎች ከዓሣው ቆሻሻ የሚጠቀሙት አለና። ግን የምንጥለው ምግብ በሙሉ ውሎ አድሮ አልጌን የሚመግቡ ናይትሬትና ፎስፌት ሆኖ ይመለሳል፤ ዓሣ በበዛ ቁጥር ኮራሉ ከውጭ በሚበቅል አልጌ ይሸፈናል፤ በየሳምንቱ 10 በመቶ ውኃ መቀየርም አይበቃም።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትም ያንን ቀመር ብታነሡልን ደስ ይለኛል። ማንሣቱ ከከበዳችሁ፣ «አድጎ ሲጨርስ» የምትለዋን ሐረግ ብቻ ጨምሩበት፤ አንባቢው ከዚያ በኋላ ራሱ አስልቶ ይሥቅበታል።

ከአክብሮት ጋር
የሒሳብ መምህሩ አንባቢያችሁ