ዝርዝሩን ከማን ትጀምሪያለሽ?

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ብርዱ ጉልበቷን ይዟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል። ትናንት ስልኩ እየተቆራረጠ አላስጨርሰን አለ እንጂ ጥያቄሽ ቤት ለቤት ለምትዞር ጤና ሠራተኛ መልካም ጥያቄ ነበር። «አባዬ፣ እንደ ኮቪድ ያለ ነገር ዳግመኛ ቢመጣ ከቀበሌዬ ሰው ማንን ቀድሜ ልመዝግብ?» አልሽኝ። ጡረታ የወጣ ነርስ እንዲህ ተጠይቆ ዝም ማለት አይችልም። ረዘም ብሎብሽ እንደሆነ ማታ ማታ እየከፈልሽ አንብቢው።

ሰው «ለወረርሽኝ የተጋለጠው ማን ነው?» ሲል ሁለት ነገር ቀላቅሎ ነው የሚጠይቀው። ቫይረሱ ማንን ቶሎ ያገኛል? ካገኛቸውስ ማንን ይጥላል? ሁለቱ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው አይደሉም። ከአዲስ አበባ ሸቀጥ ጭኖ እናንተ ዘንድ መንዝ፣ መሐል ሜዳ የሚገባ ወጣት ሾፌር ቶሎ ይያዛል፤ ሁለት ሦስት ቀን ያተኩሰውና ይነሣል። እናቱ ከቤተ ክርስቲያንና ከምንጭ በቀር የትም አትሄድም፤ የምትወድቀው ግን እሷ ናት። ስለዚህ ደብተርሽን ለሁለት አስምሪው። በአንዱ በኩል «በማን በኩል ይገባል»፣ በሌላው በኩል «ማን ይወድቃል» ብለሽ ጻፊ። ሁለቱም ወገን ስም የተጻፈበት ቤት የመጀመሪያው የምታንኳኪው ደጅ ነው። የአንድ ሰው ዕድሜ ብቻ ቆጥሮ ዝርዝር ማውጣት የቢሮ ሥራ ነው። አንቺ ቤቱን ታውቂዋለሽ፤ ማን ከማን ጋር አንድ መደብ ላይ እንደሚተኛም ታውቂያለሽ።

ከሚወድቁት ልጀምር። በኮቪድ ጊዜ ዕድሜን የሚያህል ነገር አልነበረም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 አሜሪካ ውስጥ በኮቪድ ከሞቱት ከ10 ሰዎች 8ቱ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ነበሩ። ምክንያቱ እንዲሁ «ደክመዋል» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ከደረት አጥንታችን ጀርባ ታይመስ የምትባል ዕጢ አለች፤ ቲ ሴል የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች የሚበስሉት እዚያ ነው። ከጉርምስና በኋላ እያነሰች፣ በስብ እየተተካች ትሄዳለች። የሰባ ዓመት ሰው ሰውነቱ ድሮ የሚያውቀውን በሽታ ያስታውስ ይሆናል፤ ጨርሶ አዲስ ቫይረስ ሲመጣበት ግን የሚመድበው አዲስ ሴል ጥቂት ነው። በዚያ ላይ ልብም ሳንባም ኩላሊትም በወጣትነት የነበራቸው ትርፍ አቅም አልቋል። ወጣት የሚሸከመውን የሳንባ ምች አዛውንት አይሸከሙትም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ በይ። አረጋዊ ሲታመም እንደ መጽሐፉ አይታመምም። ትኩሳት ላይኖር ይችላል፣ ሳልም ላይኖር ይችላል። ቤተሰቡ የሚነግርሽ «እማማ ዛሬ ቡና አላሰኛቸውም» ነው። ወይም ከመደብ ሲነሡ ወደቁ፣ ወይም የሞተ ወንድማቸውን ስም ጠርተው «ከብቱን አስገባህ?» አሉ። ቤተሰቡ «ጃጅተው ነው» ይልሻል። ትናንት ደህና የነበረ ሰው በአንድ ሌሊት አይጃጅም። ትንፋሻቸውን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ፤ ጋቢውን ገልጠሽ የደረታቸውን መነሣትና መውረድ እያየሽ። እያወሩ አትቁጠሪ።

ቀጥሎ ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ናቸው። ስኳር፣ ግፊት፣ የልብ፣ የኩላሊት፣ አስም። ደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ ነጭ የደም ሴሎች ሥራቸውን በደንብ አይሠሩም፤ ኢንፌክሽኑ ደግሞ በበኩሉ ስኳሩን ወደ ላይ ይገፋዋል። አንዱ ሌላውን ያባብሰዋል ማለት ነው። ኮቪድ ደምም ያረጋ ስለነበር የልብና የደም ሥር ሕመምተኛው በሁለት በኩል ተጠቃ። ውፍረትም ለአደጋ ያጋልጣል፤ እናንተ ዘንድ ግን ብዙ አያሰጋሽም፣ እዚህ ከተማ ላይ እንጂ።

እናንተ ዘንድ ትልቁ ችግር ሌላ ነው። «ግፊት አለብዎት?» ብለሽ ብትጠይቂ «ኧረ የለብኝም» ይሉሻል። ተለክተው አያውቁማ! «የለብኝም»ን «የለም» ብለሽ እንዳትጽፊ፤ «አልተለካም» ብለሽ ጻፊ። መለኪያው በእጅሽ እያለ፣ ወረርሽኝ ሳይኖር፣ አሁን ለኪያቸው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ የተባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱትንም በጅምላ አደጋ ላይ ናቸው አትበይ። መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚወስድና ቫይረሱ የተገታለት ሰው ሰውነቱ ይከላከላል፤ የሚያሰጋው ያልተመረመረውና ያቋረጠው ነው። ይህን ጉዳይ ግን ሰው በሚያየው ደብተር ላይ አታስፍሪው።

ስለ ጭስ ማንም አይጽፍም፣ እኔ ልጻፍልሽ። የመንዝ ቤት የድንጋይ ካብ ነው፣ ጣሪያው የጓሳ ሣር፤ ብርድ እንዳይገባ ተብሎ መስኮቱ ጠባብ ወይም ጭራሹን የለም። እንጨት ስለሌለ የሚነደው ኩበት ነው። እሳቱ አጠገብ ተቀምጣ ዕድሜዋን የጨረሰች ሴት ሲጋራ አፏ ውስጥ ሳይገባ ሳንባዋ እንደ አጫሽ ሳንባ ይጎዳል። ጠዋት ጠዋት ስታስል «የብርድ ነው» ይባላል። እንዲህ ያለችው ሴት ገና ሃምሳ ዓመቷ ሊሆን ይችላል፣ ከ65 በላይ ብለሽ ብታጣሪ ታመልጥሻለች። ሕፃንም በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ያንኑ ጭስ ይተነፍሳል።

«የሽማግሌ በሽታ ነው» የሚለው ወሬ ግን ያናድደኛል። አንደኛ፣ ሽማግሌ ቢሞት ምንም አይደል እንደማለት ነው። ሁለተኛ፣ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። የኅዳር በሽታን አስታውሺ። በ1911 ዓ.ም. የገባው ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ ዓለም የስፓኒሽ ፍሉ ይለዋል። በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10 ሺህ ሰው እንደሞተ ይገመታል። ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነበር የተነሡት፣ ያኔ ገና የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ነበሩ። ዛሬም ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ጠርገን የምናቃጥለው፣ ኅዳር ሲታጠን የምንለው፣ ከዚያ የቀረ ነው። ያ በሽታ ከሌላው ኢንፍሉዌንዛ የተለየው ጎልማሳውን መርጦ በመግደሉ ነው። መዝገብ በነበራት በአሜሪካ ከሞቱት ግማሽ ያህሉ ከ20 እስከ 40 ዓመት የሆናቸው ነበሩ። አራሹ፣ ወታደሩ፣ የልጆች እናት። ለምን ቢባል፣ ሊቃውንቱ ሁለት ሦስት ነገር ያነሣሉ። አዛውንቱ በልጅነታቸው ተመሳሳይ ቫይረስ ቀምሰው ስለነበር ሰውነታቸው አልተደናገጠም ይላሉ። የወጣቱ ሰውነት ደግሞ ከልክ በላይ ተቆጥቶ የገዛ ሳንባውን ጎዳ ይላሉ። ብዙዎቹን የጨረሳቸውም ቫይረሱን ተከትሎ የገባው የባክቴሪያ የሳንባ ምች ነበር፣ አንቲባዮቲክ ባልነበረበት ዘመን።

በ2009 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በመጣው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝም እንዲሁ ሆነ፤ ከሞቱት 80 በመቶ ያህሉ ከ65 ዓመት በታች እንደነበሩ ነው የተገመተው። እና ቀጣዩ ሲመጣ የኮቪድን ዝርዝር አውጥተሽ አትለጥፊ። መጀመሪያ «ይኼኛው ማንን እየጣለ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ከጤና ጣቢያው መመሪያ እስኪወርድ ያንቺ ዓይን ቀድሞ ሊያይ ይችላል፤ ያየሽውን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ሪፖርት አድርጊ።

ነፍሰ ጡሮች ግን በየትኛውም ዝርዝር ከላይ ይሁኑ። በኅዳር በሽታ ዘመንም፣ በ2009ም፣ በኮቪድም ተጎድተዋል። ማሕፀን ሲያድግ ሳንባን ከታች ይገፋል፣ ሰውነት ደግሞ ለሁለት የሚሆን ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ልብ ያለዕረፍት ይሠራል፣ ደምም ለመርጋት ይቀርባል። የመከላከያው ሥርዓት ፅንሱን ላለመጣል ሲል አሠራሩን ይለውጣል። ከሰባት ወር ያለፈችውን በተለይ ያዢ። ሕፃናትን በተመለከተ ኮቪድ በአብዛኛው ራርቶላቸዋል፣ ኢንፍሉዌንዛ ግን ከሁለት ዓመት በታች ያለውን አይምርም። ኩፍኝ ደግሞ የተራበ ልጅ ሲያገኝ ጨካኝ ነው።

አሁን ወደ ሌላው ዐምድ ልምጣ፣ በማን በኩል ይገባል ወዳልኩሽ። ሾፌርና ረዳት፣ መናኸሪያ ሻይ የምታፈላ፣ አረቄ ቤት ያላት፣ ገበያ ለገበያ በግ የሚነግድ። ከአረብ አገር የምትመለስ ልጅ። እነዚህን ሁሉም ያውቃቸዋል፣ እንዲያውም ያለጥፋታቸው ጣት ይቀሰርባቸዋል፤ አንቺ እንዳትቀስሪ። የሚረሱት ሌሎች ናቸው። አስታማሚዋ፤ በየቤቱ ማለት ይቻላል ሴት ናት። አስከሬን የሚገንዙት። የንስሐ አባት፣ በአንድ ቀን ለስንት ሰው መስቀል ያሳልማሉ፣ የታመመ ሲኖር ተጠርተው ትራሱ ድረስ ይገባሉ። ያውም ብዙዎቹ አዛውንት ናቸውና ሁለቱም ዐምድ ላይ ይጻፋሉ። በመጋቢት 2012 ኮቪድ አገራችን ገባ ሲባል እዚህም ሰው «መስቀል ሳንሳለም? ለቅሶ ሳንደርስ?» አለ። እድሩን አትጋፊው። ዳኛውን ቀድመሽ ብቻቸውን አነጋግሪ፤ ድንኳኑ ሰፋ ብሎ፣ ጎኑ ተከፍቶ ይተከል፣ አዛውንቱ ከዳር ይቀመጡ በይ። «ለቅሶ ቀርቷል» ብትይ አይሰሙሽም፣ በሌሊት ነው የሚሄዱት።

ድሃው ደግሞ በሁለቱም ዐምድ አለ። የቀን ሠራተኛ «ቤትህ ተቀመጥ» ቢባል ማታ የሚበላው የለውም። እዚህ ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ያሉ ተፈናቃዮችን አያለሁ፤ ብዙ ሰው አንድ ጣሪያ ሥር ያድራል፣ ውኃ በጄሪካን ወረፋ ነው። «እጅ ታጠቡ፣ ተራራቁ» ማለት ለእነሱ ምክር አይደለም። እስር ቤትም እንዲሁ ነው። ቫይረሱ ድሃን መርጦ አይደለም፤ ቤቱ ጠባብ፣ አየሩ የታፈነ፣ ሰውነቱ የጎደለው ስለሆነ እንጂ።

ቫይረሱ ሳይነካቸው የሚሞቱም አሉ። በወረርሽኝ ሰው ጤና ጣቢያ መሄድ ይፈራል። የቲቢ መድኃኒት ይቋረጣል፣ የስኳሩ ቀጠሮ ያልፋል፣ እርጉዟ እቤት ትወልዳለች፣ የሕፃኑ ክትባት ይዘላል። የነዚህን ቀጠሮ በደብተርሽ መጨረሻ ለይተሽ ያዢ፣ መድኃኒታቸውን ቀድመው ለብዙ ጊዜ የሚሆን እንዲወስዱ ከጤና ጣቢያው ጋር ተነጋገሪ።

ደግሞ የራስሽን ስም ጻፊ። ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት ስትሄጂ በሁሉም የምታልፊ አንቺ ነሽ። በ2013 ክትባቱ ሲመጣ ለጤና ባለሙያ ቅድሚያ የተሰጠው ለማክበር ብቻ አልነበረም። ወጣት ነኝ አትበይ። ጭምብልሽን ቤት ስትገቢ አድርጊው፣ ንግግሩን ግን ደጅ ላይ፣ አየር ላይ ጨርሺ። «ግቢ፣ ቡና ደርሷል» ሲሉሽ እምቢ ማለት ይከብዳል፣ አውቃለሁ፤ ደጃፍ ላይ ጠጪላቸው።

የኦክስጅን መለኪያውን መሐል ሜዳ በሚሄደው መኪና ልኬልሻለሁ፣ ከባትሪው ጋር። በናንተ ብርድ ጣታቸው ስለሚቀዘቅዝ መጀመሪያ መዳፍሽ ውስጥ አሙቂው፣ አለዚያ ውሸት ያሳይሻል። እንሶስላ ወይም የጥፍር ቀለም ያለበትን ጣት ተዪ። እናንተ ያላችሁበት ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ የጤነኛውም ቁጥር ከቆላው ዝቅ ሊል ይችላል፤ ስለዚህ አሁኑኑ የጤነኞቹን ለክተሽ ከስማቸው ጎን ጻፊው፣ ሲታመሙ የምታወዳድሪው ከዚያ ጋር ነው። ከ90 በመቶ በታች ካየሽ ግን ሰውየው እየሳቀ ቢያወራሽም አትጠብቂ፤ ኮቪድ ብዙውን ሰው የሸወደው እንደዚያ ነው። አምቡላንሱ ካልመጣ በቃሬዛም ቢሆን ወደ መሐል ሜዳ ሆስፒታል ይሂድ።

እናትሽ በሶና ድርቆሽ አብራ ልካለች። ዕቃው ሲደርስሽ ደውይ፣ ኔትወርክ ከሌለ በመልእክት አሳውቂን።

አባትሽ