የወደቀው ምኑ እንደሆነ ሳይታወቅ ትልቅ ሲሊኮን አይታዘዝ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በጤና ዓምዳችሁ ላይ በቅርቡ የወጣውን፣ ጡታቸውን በሲሊኮን ካስተለቁ በኋላ ወልደው ያጠቡ እናቶች ጡታቸው ሲረግብ ስላላቸው አማራጭ የሚያትተውን ጽሑፍ እዚህ ሐዋሳ፣ በመሥሪያ ቤታችን የምሳ ሰዓት፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበልን አነበብነው። በአገራችን ጋዜጦች ስለ ጡት የሚጻፈው በአብዛኛው ስለ ካንሰር ወይም ስለ ማጥባት ስለሆነ፣ ሴቶች እርስ በርሳቸው እንኳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያወሩትን ጉዳይ በአደባባይ ማንሳታችሁ ያስመሰግናችኋል። ሆኖም ጽሑፉ የደረሰበት መደምደሚያ፣ ማለትም አሮጌው ሲሊኮን ወጥቶ ከእርሱ በሚበልጥ ሲተካ የላላው ቆዳ ይሞላል፣ ጡቱም ይነሳል የሚለው፣ ለጥቂት ሴቶች ካልሆነ በስተቀር የማይሠራ፣ ለብዙዎች ደግሞ ነገሩን የሚያብስ ምክር ነው። ይህን የምለው ሐኪም ስለሆንኩ አይደለም፤ በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የምለው ያንኑ ምክር ተቀብዬ ልሄድበት ስል ለጥቂት ስለተረፍኩ ነው።

በ2008 ዓ.ም. በአንድ የዓረብ አገር ተቀጥሬ ስሠራ፣ ካጠራቀምኩት ገንዘብ ከፍዬ በሁለቱም በኩል 300 ሲሲ (ሚሊ ሊትር) ሲሊኮን አስገባሁ። ለምን እንዳስገባሁ እዚህ አላብራራም፤ የራሴ ጉዳይ ነበር፣ ዛሬም አልጸጸትበትም። ከዚያ አገሬ ገባሁ፣ አገባሁ፣ በ2010 እና በ2013 ዓ.ም. ወለድኩ፤ ሁለቱንም ልጆች ሁለት ሁለት ዓመት አጠባሁ። ታናሽየዋን ጡት ካስጣልኩ በኋላ ግን በመስታወት ያየሁት ነገር ግራ አጋባኝ። ሲሊኮኑ ደረቴ ላይ ክብነቱን እንደያዘ ከፍ ብሎ ተቀምጧል፤ የራሴ ጡት ግን ከላዩ ተንሸራትቶ ወርዶ ጫፉ ወደ መሬት ያያል። ትራሱ ራስጌ ቀርቶ ብርድ ልብሱ ከአልጋው ሲንሸራተት እንደሚሆነው ማለት ነው። ሰርጀኖች ይህን ቅርጽ በፏፏቴ እንደሚመስሉት የሰማሁት ኋላ ነው።

መጀመሪያ ያማከርኩት ሴቶችን ለውበት ቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ የሚልክ አንድ አገናኝ ነበር። በቴሌግራም ሦስት ፎቶ አስላከኝ፣ ሻይ ተፈልቶ ሳይቀዳ መልሱ መጣ፦ «ቦርሳው ሰፍቶ ዕቃው ስላነሰ ነው እህቴ፤ ዕቃውን መጨመር ብቻ ነው።» 450 ሲሲ ይሁንልሽ አለኝ፤ ቀጠሮና የአውሮፕላን ቲኬትም በአንድ ላይ ተሰላ። የሒሳብ ሰው ነኝና ሒሳቡ ደስ አለኝ፤ የሰፋውን መሙላት፣ አለቀ። ያዳነችኝ አዲስ አበባ የምትኖረው እህቴ ናት። ገንዘቡን ከማስገባቴ በፊት አንድ የፕላስቲክ ሰርጀን በአካል እንድታየኝ ወጥራ ያዘችኝ።

ዶክተሯ ፎቶ አልጠየቀችኝም። ቀጥ ብዬ እንድቆም አደረገችና በልብስ ሰፊ ሜትር ከጉሮሮዬ ሥር ካለችው ጎድጓዳ እስከ ጡት ጫፍ ለካች፤ ከዚያ ከጡት ሥር ባለው እጥፋት ላይ እጇን አስገብታ ጫፉ ከእጥፋቱ በላይ ነው ወይስ በታች የሚለውን አየች። ቀጥላም ሲሊኮኑን በአንድ እጇ፣ የራሴን ጡት በሌላው እጇ ይዛ ለየብቻ አንቀሳቀሰቻቸው። «የወደቀው ምኑ እንደሆነ ሳናውቅ ምን ያህል እንደምናስገባ አንነጋገርም» አለችኝ። ደብዳቤዬ በሙሉ የዚህች ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ ነው ብትሉ አልቃወምም።

ጡት ሲወድቅ ሊወድቁ የሚችሉት ነገሮች ከአንድ በላይ ናቸው። አንዳንዴ የሚወርደው ሲሊኮኑ ራሱ ነው፤ የተቀመጠበት ኪስ ከሥሩ ይሰፋና ዕቃው ወደ ሆድ ይንሸራተታል፣ የጡት ጫፉ በተቃራኒው ወደ ላይ ያቀና ይመስላል። ለዚህ መድኃኒቱ ኪሱን ከውስጥ በስፌት ማጥበብ ወይም ሲሊኮኑን ከጡንቻ በላይ ወደ ጡንቻ ሥር ማዛወር እንጂ ትልቅ ማስገባት አይደለም። ሌላ ጊዜ ሲሊኮኑ ካለበት አልተነቃነቀም፤ የወረደው የሴቲቱ የራሷ ሥጋና ቆዳ ነው። በእርግዝና ወቅት የወተት ዕጢዎች ያብጣሉ፣ ቆዳው ይለጠጣል፤ ጡት ከተጣለ በኋላ ዕጢዎቹ ሲሟሽሹ ቆዳው ወደ ቀድሞው ልክ አይመለስም። የሞንትሪያሏ ሰርጀን ፖል ሬኞ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣችው፣ ዛሬም ሰርጀኖች የሚጠቀሙበት መለኪያ በዚሁ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ጫፉ ከእጥፋቱ እኩል ከሆነ አንደኛ ደረጃ፣ ከእጥፋቱ በታች ወርዶ ከጡቱ የታችኛው ጫፍ ግን ከፍ ያለ ከሆነ ሁለተኛ፣ ከሁሉም በታች ሆኖ መሬት የሚያይ ከሆነ ሦስተኛ ይባላል። የእናንተን ጽሑፍ ምክር በተወሰነ ደረጃ ልትጠቀምበት የምትችለው በመጀመሪያው ደረጃ ያለች ወይም ጫፏ ሳይወርድ ጡቷ ባዶ የሆነባት ሴት ናት። እኔ ሦስተኛ ነበርኩ።

ለምን እንደሚያብስ ላስረዳ። የሲሊኮን ጄል 1 ሲሲው ወደ 1 ግራም ይጠጋል፤ ስለዚህ 450 ሲሲ ማለት በእያንዳንዱ ጡት ግማሽ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ክብደት ነው። ከሱቅ ግማሽ ኪሎ ስኳር በስስ ፌስታል አንጠልጥላችሁ እስከ ቤት ብትሄዱ ፌስታሉ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ሁለት እርግዝና ያሳሳውን ቆዳ ይህን ያህል ተሸከም ማለት ለአንድ ዓመት ሞላ ብሎ እንዲታይ፣ ከዚያም ከቀድሞው ይልቅ እንዲወርድ መፍረድ ነው። ጽሑፉ በአማራጭነት የጠቀሰው የደረት ስፖርትም ያው ነው፤ ጡት በራሱ ውስጥ የሚያነሳው ጡንቻ የለውም፣ በስፖርት የሚጠነክረው ከኋላው ያለው የደረት ጡንቻ ነው። ስፖርቱን ለጤናችን እንሥራው፣ ጡት ያነሳል ግን አንበል።

ጫፉ ከእጥፋቱ በታች ለወረደባት ሴት ትርጉም ያለው አማራጭ ጡቱን የማንሳት ቀዶ ሕክምና ነው፤ ትርፍ ቆዳው ይወጣል፣ ሥጋው ይስተካከላል፣ ጫፉም ከደም ሥሩ ሳይነቀል ወደ ላይ ይዛወራል። የቁርጡ መጠን እንደ መውደቁ ነው፦ ለትንሹ በጫፉ ዙሪያ ያለውን ጠቆር ያለ ክብ ተከትሎ፣ ለመካከለኛው ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ ታች፣ ለእንደኔ ዓይነቱ ደግሞ በእጥፋቱ አግድም ጭምር። ጠባሳ ይተዋል፣ እንደኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ደግሞ ጠባሳው የማበጥና ኬሎይድ፣ ማለትም ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያድግ ጠባሳ፣ የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል፤ የእኔ በግራ በኩል ከእጥፋቱ ሥር ወፍሯል፣ መርፌ እየተወጋሁለት ነው። የጫፉ ስሜት ሊቀንስ፣ ወደፊት የማጥባት አቅምም ሊጎዳ ይችላል። ሌላ ልጅ የምታስብ ሴት ልጇን ወልዳ እስክትጨርስ ብትጠብቅ የሚሻለው ለዚህም ነው፤ ያልጨረሰች እናት የተነሳ ጡቷን ለሌላ እርግዝና ታስረክበዋለች። የጨረሰችውም ቢሆን ጡት ካስጣለች በኋላ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ትታገሥ፤ ጡቱ መቀየሩን ገና አላቆመምና።

ሲሊኮኑስ ምን ይሁን? እዚህ ላይ መንገዱ ይለያያል። አውጥቶ ብቻ መተው አለ፣ ቆዳዋ ገና ጠንካራ ለሆነና የራሷ ሥጋ ለሚበቃት። አውጥቶ ማንሳት አለ። አነስ ባለ ለውጦ ማንሳትም አለ፤ ነገር ግን ማንሳት ቆዳውን ሲያጠብ ሲሊኮን ደግሞ ከውስጥ ስለሚገፋው ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ፣ ለጫፉ የሚደርሰውም ደም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ብዙ ሰርጀኖች ከባድ የሆነውን በሁለት ቀዶ ሕክምና፣ በመካከሉ ወራት ሰጥተው መሥራት ይመርጣሉ። ከሆድ ወይም ከጭን በተወሰደ የራስ ስብ የላይኛውን ባዶነት መሙላትም ይቻላል፤ ከሚገባው ስብ የተወሰነው በሰውነት ስለሚመጠጥ ግን አንዴ ብቻ ላይበቃ ይችላል። ሲጋራ የምታጨስ፣ ሺሻም ቢሆን፣ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት ማቆም አለባት፤ ኒኮቲን ደም ሥሮችን ስለሚያጠብ የጡት ጫፍ እስከመሞት ይደርሳል።

ሰውነት በሲሊኮኑ ዙሪያ የሚሠራው ካፕሱል የሚባል ሽፋን አለ። ለስላሳ ከሆነ ሊተው ይችላል፤ ወፍሮ ከጠነከረ ይወጣል። ማኅበራዊ ሚዲያው ግን ሽፋኑ ሁልጊዜ ከነሲሊኮኑ ሳይከፈት፣ ባንድ ላይ ካልወጣ ሴትየዋ ተመርዛለች ይላል። ያ ዓይነቱ አወጣጥ የሚያስፈልገው ከሲሊኮን ጋር በተያያዘው ብርቅ የሊምፎማ (የነጭ የደም ሕዋሳት ካንሰር) ዓይነት ለተያዘች ነው፤ ለሌላዋ ሽፋኑን ከጎድን አጥንት ላይ መፋቅ ሳንባን እስከመብሳት የሚደርስ አደጋ አለው።

ሊምፎማውን ካነሳሁ ስለ ካርዱ ልናገር። ሲሊኮን ሲገባ የአምራቹ ስም፣ ዓይነቱ፣ ገጽታው ለስላሳ ወይም ሻካራ መሆኑ፣ መጠኑና ተከታታይ ቁጥሩ የተጻፈበት አነስተኛ ካርድ ይሰጣል። ይህ ሊምፎማ በዋናነት የተያያዘው ከሻካራዎቹ ጋር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2019 አለርጋን የተባለው አምራች ባዮሴል የተሰኙ ሻካራ ምርቶቹን ከዓለም ገበያ የሰበሰበው በዚሁ ምክንያት ነው። ዶክተሯ ካርድሽ የት አለ ስትለኝ አፈርኩ፤ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ለእናቴ ደወልኩ። ከውጭ ስመለስ ከሻንጣዬ አግኝታው ኖሮ፣ ምንነቱን ሳታውቅ ከልጆቼ የክትባት ካርድ ጋር በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጣዋለች። ፎቶውን በዕለቱ ላከችልኝ፤ የእኔ ለስላሳ ነው። እናቴ ባትኖር ኖሮ ይህን ለማወቅ ሌላ መንገድ አልነበረኝም፤ ያስገባልኝ ክሊኒክ ስልኩን አያነሳም።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2021 ሲሊኮን የዕድሜ ልክ ዕቃ አለመሆኑን የሚገልጽ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ከምርቶቹ ጋር እንዲወጣ አድርጓል። የሲሊኮን ጄል ያለባት ሴት ምንም ሕመም ባይሰማትም በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ዓመት፣ ከዚያም በየሁለት ሦስት ዓመቱ በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ እንድትታይም ይመከራል፤ ጄሉ ሽፋኑ ውስጥ ተይዞ ስለሚቀር ሲቀደድ ላይሰማ ይችላልና። ለእኔ ይህን የነገረኝ አልነበረም። በኤምአርአይ ስታይ የቀኙ ተቀድዶ ተገኘ፤ መቼ እንደተቀደደ የሚያውቅ የለም። በቴሌግራም የተላከው ፎቶ ይህን ሊያሳይ አይችልም ነበር።

ሁለቱንም አስወጥቼ፣ ምንም ሳላስገባ አስነሳሁ። ትንሽ ጡት አለኝ፣ ቦታው ላይ ነው። አሥር ቀን እህቴ ቤት ሰንብቼ፣ በመኪናው ቀበቶና በደረቴ መካከል ትራስ አድርጌ ወደ ሐዋሳ ተመለስኩ፤ ውጭ አገር ተሠርተው በሳምንቱ አውሮፕላን የሚሳፈሩት ሴቶች ስፌታቸው ቢመግል ማን እንደሚያይላቸው ያሰብኩት ያኔ ሻሸመኔ ላይ መኪናው ሲያንገጫግጨኝ ነው።

አንድ ነገር ሳልል ብተው ቅር ይለኛል። ጽሑፋችሁ በመግቢያው የጡት መርገብን ምክንያት ማጥባት ነው ብሎታል። እዚህ ሰፈራችን ያሉ እማማም እንዲሁ ነበር የሚሉኝ፤ አራስ ቤት ገብተው አጥሚቱን እያቀረቡ፣ ልጅቱ እየጎተተች ታወርደዋለች ይሉ ነበር። በአሜሪካ ኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሰርጀኖች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት ግን ከመርገብ ጋር የተያያዙት የእርግዝና ብዛት፣ ዕድሜ፣ የሰውነት ክብደት፣ ከእርግዝና በፊት የነበረው የጡት ትልቅነትና ሲጋራ ሆነው ተገኙ፤ ማጥባት በመካከላቸው የለም። በእማማ አልፈርድም፤ ጋዜጣ ግን ይህን ሲጽፍ ወጣቷ እናት ጡቷን አድናለሁ ብላ ልጇን በሦስት ወሩ ጡጦ ታስይዘዋለች።

ስለዚህ እርማት እንድታወጡ፣ ከተቻለም በየካቲት 12 ሆስፒታል እንዳሉት ዓይነት የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎችን በዓምዳችሁ እንድታነጋግሩ እጠይቃለሁ። ስሜ በዝግጅት ክፍሉ ዘንድ ይያዝልኝ፤ በጋዜጣው ላይ ግን አይውጣ፤ አማቴ ደንበኛችሁ ናቸውና።

የሁለት ልጆች እናት
ከሐዋሳ