የታሪክ ክበብ ዘገባ፦ 26 ፍሬ ሽምብራ

የታሪክ ክበባችን ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ ያሳለፈው በአንድ ጥያቄ ነው። የሰሜን አፍሪካዋ ካርቴጅ ሮምን በረጅም ጦርነት የማሸነፍ ዕድል ነበራት ወይ? ጥያቄውን ያመጣችው አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት። የካርቴጅ ጦር መሪ ሃኒባል በ218 የአልፕስን ተራሮች እንደ ተሻገረ፣ በ216 ደግሞ ጣሊያን ውስጥ ካኔ ላይ ሮማውያንን እንደ ደመሰሰ እያስተማርኩ ነበር። እጇን አወጣችና "ታዲያ እንዴት ተሸነፈ?" አለች። ወዲያው ደወል ተደወለ። መልሱን ለረቡዕ ክበብ ቀጠርነው። ከረቡዕ ረቡዕ እያለ እስከ ግንቦት ዘለቀ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው።)

መጀመሪያ ላይ ሁሉም የሃኒባል ደጋፊ ነበር። "ከካኔ በቀጥታ ሮም ላይ ቢዘምት ኖሮ አለቀላቸው!" እያሉ ጉሮሯቸው እስኪዘጋ ተከራከሩ። እኔም በእነሱ ዕድሜ እንደዚያው አስብ ነበር።

ሐሳባችንን የቀየረው ሽምብራ ነው። ጠረጴዛ ላይ የሜዲትራኒያንን ካርታ በጠመኔ ሣልን። አንዱ ፍሬ 1,000 ወታደር ይሁን ተባባልን። የጥንቱ ታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢየስ እንደ ጻፈው ሃኒባል ጣሊያን ሲገባ የቀረው 20,000 እግረኛና 6,000 ፈረሰኛ ነው። 26 ፍሬ። ሮምና አጋሮቿ ደግሞ በ225 በተደረገው ቆጠራ መሣሪያ ማንሣት የሚችል ከ770,000 በላይ ሰው ነበራቸው። 770 ፍሬ ቆጥረን ለመደርደር አንድ ሙሉ ረቡዕ ፈጀብን። ከዚያ ለካኔ ሙታን፣ በሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ በሊቪ ቁጥር፣ 48 ፍሬ አነሣን። ክምሩ የተነካ አይመስልም። ልጆቹ ዝም አሉ። አንዷ "እያንዳንዱ ፍሬ እኮ 1,000 እናት አለው" አለች። ያን ቀን ሌላ ነገር አልሠራንም።

ቀጥሎ የካርቴጅን ጓዳ ፈተሽን። ሠራዊቷ በአብዛኛው ከሊቢያ፣ ከኑሚድያ፣ ከስፔንና ከጎል የመጣ ነው፤ ብዙው ደመወዝ ይፈልጋል። ብሩ የሚወጣው ከስፔን ማዕድን ነው። ባሕሩን ደግሞ ከሮም ጋር ባደረገችው የመጀመሪያ ጦርነት፣ በ241፣ ለሮም አስረክባለች። ስለዚህ ሃኒባል ሰው ሲያልቅበት የሚተካለት አጣ። በ215 ከካርቴጅ በባሕር የደረሱለት 4,000 የኑሚድያ ፈረሰኞችና 40 ዝሆኖች ነበሩ። አራት ፍሬ!

እኔ ጉዳዩ እዚህ ያበቃል ብዬ ነበር። አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ግን ጥሩ ነገር ይዞ መጣ። በ209 ሮም ጣሊያን ውስጥ ከመሠረተቻቸው 30 የላቲን ቅኝ ከተሞች 12ቱ "ሰውም ገንዘብም አልቆብናል" ብለው ሮምን እምቢ ብለዋታል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሮምም ወገቧ እየጎበጠ ነበር ማለት ነው። የሚያሳዝነው፣ በዚያው ዓመት የሮሙ የጦር መሪ ሲፒዮ በስፔን የካርቴጅ ዋና ከተማ የነበረችውን አዲሲቱ ካርቴጅን ያዘ። የብሩ ምንጭ መድረቅ ጀመረ። በ207 የሃኒባል ወንድም ሃስድሩባል ከስፔን አዲስ ጦር ይዞ ጣሊያን ቢገባም ሜታውሮስ ወንዝ አጠገብ ወደቀ። ወንድማማቾቹ ሳይገናኙ ቀሩ። ከዚያ በኋላ እስከ 202፣ ሃኒባል እስከ ተሸነፈበት እስከ ዛማ ጦርነት ድረስ ያለውን በሁለት ረቡዕ ጨረስነው።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ካርቴጅ ዕድል ነበራት፤ ግን ዕድሏ ያለው ጣሊያን ውስጥ ሳይሆን ስፔን ውስጥ ነበር። ስፔንን አምስት ዓመት ተጨማሪ ብትይዝ ኖሮ የእነዚያ 12 ከተሞች እምቢታ ወደ ሌሎቹም ሊዛመት ይችል ነበር። በግንቦቱ ክርክር ይህን የያዘው ቡድን በጥቂት ድምፅ ተሸንፏል። እኔ ግን አሁንም ከእነሱ ጋር ነኝ።

ያቺ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ለመስከረም ሌላ ጥያቄ አስመዝግባለች። ካርቴጅ ከዛማ ሽንፈት በኋላ ለሮም በ50 ዓመት እንድትከፍል የተፈረደባትን 10,000 ታለንት (በክብደት የሚለካ ብር) ከፍላ ጨርሳለች። ታዲያ ሮም በ149 ለምን ተመልሳ መጣችባት?