ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ እናትህም ጠይቀኝ

ልጄ እንዴት ነህ፣ ስራስ እንዴት ነው? እኛ ድሬ ያው ነን፣ ሙቀቱን ታውቀዋለህ። ይሄን በቀኝ እጄ አንድ አንድ ፊደል እየነካሁ ስለምጽፍልህ ቀኑን ሙሉ ሳይፈጅብኝ አይቀርም፣ ስንደዋወል ግን እናትህ ሁሌ አጠገቤ ናት፣ እሷ እየሰማች ደሞ ይሄን ወሬ አላወራም።

ስትሮክ ከመታኝ 8 ወር ሆነ። አንድም ቀን ሳትደውል ውለህ አታውቅም፣ ተባረክ። ግን የምትጠይቀኝ ሁሌ አንድ ነው፣ "አባዬ እጅህ ተንቀሳቀሰ? በላህ? መድኃኒትህን ወሰድክ?" ሰውም እንደዛው ነው። ከከዚራም ከሳቢያንም ብርቱካን ሙዝ ይዘው ይመጣሉ፣ እኔን "እግዜር ይማርህ" እሷን "ይማርልሽ" ይላሉ፣ አየህ ለእሷ የሚባለውም ዞሮ ዞሮ ለኔ ነው። ከዛ ቁጭ ይላሉ፣ እሷ ቡና ታፈላለች፣ ሲሄዱ ስኒ ታጥባለች፣ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ስራዋ ይጨምራል እንጂ አይቀንስላትም። ፍቅር ነው ያመጣቸው አውቃለሁ። አንዲት ጎረቤታችን ብቻ አንድ ቀን መጣችና ሳትቀመጥ የኔን አንሶላ ሰብስባ አጥባ አስጥታ ሄደች፣ እናትህ የዛን ቀን ከሰአት እንቅልፍ ወሰዳት፣ ሁለት ሰአት ሙሉ ተኛች። እኔ እስክትነሳ ዝም ብዬ ሳያት ነበር።

ከሆስፒታል ስንወጣ የመድኃኒት ወረቀት ሰጡን፣ ለእሷ ግን እንዲህ አድርገሽ አንሺው፣ እንዲህ አድርገሽ አጉርሺው ብሎ ያሳያት ሰው አልነበረም። ግራ ጎኔ እንደ ጆንያ ነበር፣ እሷ ደሞ ታውቃታለህ ቀጭን ናት፣ በብብቴ ስር ገብታ ስታነሳኝ ስታነሳኝ ወገቧ ሄደ። በየ 2 ሰአቱ ሌሊት ተነስታ ታገላብጠኝ ነበር፣ ላብ ያለበት ቆዳ ቶሎ ይቆስላላ፣ መብራት ሲሄድ ማራገቢያው ይቆምና በካርቶን ስታራግብልኝ ታነጋለች። ሰራተኛ እንቅጠር ስትል እምቢ አለች ተባልክ አይደል? እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ ልጄ። ገላዬን ባዳ እንዲያጥበኝ አልፈለኩም፣ እሷ ጥፋቱን በራሷ አደረገችው። ተሳስቼ ነበር፣ አሁን እሺ ብያለሁ፣ ጠንከር ያለ ልጅ ለቀን ለቀን ፈልግልን።

ሌላም አለ። አንዳንዴ ምንም ሳልሆን እንባዬ ይመጣል፣ አንዳንዴ ደሞ እጮሃለሁ፣ ሐኪሙ ጭንቅላት ሲጎዳ እንዲህ ያደርጋል ብሎኛል፣ እውነት ነው ግን ጩኸቱ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። ባለፈው ሾርባው ቀዘቀዘ ብዬ ጮህኩባት። መልስ አልሰጠችኝም፣ ማድ ቤት ገብታ ብዙ ቆየች፣ ስትወጣ ፊቷን ታጥባ ነበር።

እና ይሄን እንድጽፍልህ ያደረገኝ ነገር፣ እሷም ግፊት እንዳለባት ታውቃለህ። የኔን ኪኒን በሰአቱ በውሃ ይዛ ትመጣለች። ቅዳሜ ለታ የሷን ከመሳቢያ አወጣሁና ቆጠርኩት፣ ባለፈው ወር ከተገዛው 30 ፍሬ 22ቱ እንዳለ ቁጭ ብሏል። አቦ በጣም ነው የደነገጥኩት። እኔን የጣለኝ እኮ ይሄው ግፊት ነው፣ ምንም አያመኝም ብዬ ሳልለካ ሳልውጥ የከረምኩት። እሷ ከወደቀች ማን ማንን ያነሳል?

ስለዚህ ብር መላኩን ሳይሆን ራስህ እንድትመጣ ነው የምለምንህ። የአመት ፈቃድህን ከታኅሣሥ 10 ጀምሮ ውሰድ። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ነው፣ ሆስፒታል እያለሁ ለገብርኤል ጥላ ተስላለች፣ እኔን የምትተውለት ሰው ስላጣች ሐምሌ ላይ ሳትሄድ ቀረች፣ እኔም ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ። ከቁልቢ በዛው ሐረር እህቷ ጋ ትሂድና ሳምንት ትተኛ። ከመሄዷ በፊት ግን ግፊቷን አስለካት፣ 140 በ90 ወይ ከዛ በላይ ከሆነ ሐኪም ሳያያት እንዳትሄድ።

እኔን ማስታመም ወንድ ልጅ አይችልም የሚለውን ተወው፣ ይለመዳል። ሸሚዝ ስታለብሰኝ መጀመሪያ ግራ እጄን ነው የምታስገባው፣ ስታወልቅ ደሞ ከቀኙ ጀምር። ግራ እጄን ይዘህ እንዳትጎትተኝ፣ ትከሻዬ ይወልቃል። ስታነሳኝ ጉልበትህን እጠፍ እንጂ ወገብህን አትጠፍ፣ ፊዚዮቴራፒስቱ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው ለናትህ ያሳያት። ስበላ ቀጥ አድርገህ አስቀምጠኝ፣ ትንሽ ትንሽ አጉርሰኝ፣ በልቼ ወዲያው አታስተኛኝ፣ ትን ይለኛል። ከመጣህ ማግስት ጀምሮ ሁሉንም አንተ ስራ፣ እሷ ቁጭ ብላ ትይህ፣ አለዚያ አምናህ አትሄድም።

በባቡር ከሆነ የምትመጣው ጣቢያው ከከተማ ውጪ ነው፣ ወንድምህን ባጃጅ ይዞ ይጠብቅህ ዘንድ እነግረዋለሁ። ደሞ አባዬ ነው የጠራኝ እንዳትላት፣ ፈቃድ አግኝቼ ነው በላት።

አባትህ