የሳንቲም ክበብ፦ ከባንክ መስኮት የተገኘው

የሳንቲም ማሰባሰብ ክበብ የ2016 የትምህርት ዘመን ሥራውን የጀመረው አንድ ደንብ በማጽደቅ ነበር፤ ይኸውም ወደ ክበቡ ዋና አልበም ለሚገባ ማንኛውም ሳንቲም በላዩ ከተጻፈው ዋጋ በላይ እንዳይከፈል የሚከለክል ነው። ሐሳቡን ያቀረብሁት እኔ ነኝ። መንገድ ዳር አሮጌ ገንዘብ ዘርግተው የሚሸጡ ሰዎች ለአንዲት ስሙኒ የሚጠሩት ዋጋ የአንድን ተማሪ የሳምንት የታክሲ ገንዘብ የሚያስረሳ ሲሆን፣ ከዚያም ይልቅ የሚያሳስበኝ ልጆቹ የሳንቲምን ብርቅነት ከሻጩ አፍ መስማት መልመዳቸው ነበር። ስለዚህ አንድ ብር መቶ ሳንቲም ወደሚሆንበት ቦታ፣ ማለትም ወደ ባንክ ቅርንጫፍ ለመሄድ ተስማማን።

የመጀመሪያው ጉዞ አልተሳካም፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። አሥራ ሁለት ተማሪዎችን ደንብ ልብሳቸውን እንደለበሱ አስከትዬ፣ በወር መጨረሻ፣ ያውም ዓርብ ከሰዓት በኋላ ብሄድ አዳራሹ ደመወዝ በሚያወጣ ሰው ተሞልቶ ነበር። ጥበቃው ልጆቹን ደጅ ላይ አስቀራቸው፤ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅም ማን እንደላከንና ለምን እንደፈለግን የሚገልጽ ደብዳቤ ይዘን እንድንመለስ በትሕትና ነገሩኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ማኅተም ያረፈበት የትምህርት ቤቱን ደብዳቤና ሁለት ተማሪዎችን ብቻ ይዤ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሄድሁ። ከዚያ በኋላ ለዓመቱ በሙሉ ይህንኑ ሥርዓት ተከትለናል፦ ሰው በማይበዛበት ቀን፣ ጥቂት ሆነን፣ የምንፈልገውን መጠን አስቀድመን በወረቀት ጽፈን። ብዙውን ጊዜ የምንጠይቀው መቶ ብር በሽልንግ፣ መቶ ብር ደግሞ በስሙኒ ሲሆን፣ ይህም ሁለት መቶ ሽልንግና አራት መቶ ስሙኒ ማለት ነው። በአንድ የምሳ ሰዓት ተለይቶ የሚያልቅ ክምር ነው።

ከከረጢቱ የሚወጣው ነገር መጀመሪያ ላይ ተማሪዎቹን አሳዝኗቸው ነበር፤ አብዛኛው የ1969 ዓ.ም. ሳንቲም ነውና። ይሁን እንጂ ዓመቱ የተጻፈው በግእዝ አኀዝ በመሆኑ ፲፱፻፷፱ን ከ፲፱፻፺፮ ለመለየት ቁጥሩን መማር ግድ ሆነባቸው፤ በኅዳር ወር የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ያለ ሠንጠረዥ ያነቡት ጀመር። ቀጥለን ማግኔት አመጣን። የ1969ዎቹ ሽልንግና ስሙኒ የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ስለሆኑ ማግኔት አይስባቸውም፤ የ1996ዎቹ ግን ውስጣቸው ብረት ሆኖ ላያቸው ብቻ ስለተለበጠ ተንጠልጥለው ይቀራሉ። ዓመቱ የተፋቀ ሳንቲም ሲያጋጥመን ይህ ዘዴ በእጅጉ ጠቅሞናል።

ክበቡን በእውነት የለወጠው ግን የአንበሳው ጢም ነው። የ1969 ሳንቲሞች በአንድ ዓይነት ቅርጽ ብቻ የተመቱ አይደሉም፦ በአንዳንዶቹ ላይ ከአንበሳው አገጭ በስተግራ ያለው ጢም እኩል የሆነ ሲሆን፣ በሌሎቹ ላይ ሁለት ረዘም ያሉ ፀጉሮች ወደ ግራ ተቀስረው ይታያሉ። በዓይን ብቻ አይያዝም፤ ማጉያ መነጽርና ከጎን የሚመጣ ብርሃን ይፈልጋል። በጥር ወር ከመስኮቱ ኋላ የነበሩት ሠራተኛ፣ «ሰው ሁሉ ሳንቲም አትስጡኝ ይላል፤ እናንተ ምን ልታደርጉበት ነው?» ብለው ቢጠይቁ፣ አብራኝ የሄደችው ተማሪ፣ «ጢሙን ልናይ ነው፣ እህቴ» ብላ መለሰችላቸው። ሠራተኛዋ ስቀው አንዱን ሽልንግ ወደ መብራቱ አዞሩት፤ ለብዙ ዓመታት ሲቆጥሩት ኖረው አንበሳውን ልብ ብለው እንዳላዩት ነገሩን። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተለየ የመሰላቸውን ሳንቲም በፖስታ ለይተው ያቆዩልን ነበር። እኛም ዋጋውን ቆጥረን እንከፍላለን።

ለመታሰቢያ የተመቱትን ሳንቲሞች በተመለከተ ተማሪዎች ደጋግመው ስለጠየቁኝ እዚህ ላይ ማንሳት ይገባኛል። በ1964 ዓ.ም. የወጡት የነገሥታት ምስል ያለባቸው የብር ሳንቲሞችም ሆኑ በ1970 ዓ.ም. ለዱር እንስሳት ጥበቃ የተመቱት ለሰብሳቢ የታሰቡ ስለነበሩ ከዝርዝር ጋር ተቀላቅለው በቅርንጫፍ መስኮት አይመጡም። በአክሱም ነገሥታት፣ በእንዱቢስና በዒዛና ስም የተመቱትማ ከነጭራሹ ሌላ ጉዳይ ናቸው፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት እንዲህ ያለ ጥንታዊ ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ እንጂ ለክበብ መሸጥ አይችልም። አንድ ተማሪ «የሚሸጥ ሰው አውቃለሁ» ብሎ ሲመጣ የሰጠሁት መልስ ይኸው ነበር።

የ1936 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞች ከባንክ አይገኙምና ከየቤቱ በስጦታ የመጡትን በሌላ አልበም አኖርናቸው። ገበያ ላይ ዓመቱን እያሳዩ ዋጋ የሚያስወድዱባቸው እነዚህ ናቸው፤ ነገር ግን ሳንቲሞቹ እስከ ዘመነ መንግሥቱ ፍጻሜ ድረስ ያው 1936 እንደተጻፈባቸው በተደጋጋሚ ስለተመቱ፣ ዓመቱ የሳንቲሙን ዕድሜም ሆነ ብርቅነቱን አይናገርም። ከመካከላቸው እኔን የሚማርከኝ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል የተቆረጠው ስሙኒ ነው። መዳቡ ስሙኒ በመጠኑ ከብሩ ሽልንግ ጋር ስለሚቀራረብ በብር እየለበጡ በእጥፍ ዋጋ የሚያልፉበት ሰዎች ተነሡ፤ መንግሥትም ክቡን ሳንቲም ሰብስቦ ጠርዙን አስቆረጠው። ታሪኩን በነገርኋቸው በሳምንቱ አንድ ትጉህ ተማሪ ከአያቱ ያመጣውን እንዲህ ያለ ስሙኒ በሎሚና በአመድ ፈትጎ እንደ አዲስ ድስት አብለጭልጮ አቀረበልኝ። ለስድሳ ዓመታት ያህል የያዘው ቡናማ ቀለም በአንድ ምሽት ጠፋ፤ የንጉሡም ጆሮ ደብዝዟል። አልተቆጣሁም፤ ቢያንስ አልጮህሁም። ሳንቲም እንዳይታጠብ አስቀድሜ መናገር ነበረብኝ።

የማያስፈልገንን መልሶ ማስገባት ከማውጣቱ የበለጠ አድካሚ ሆኖ አግኝተነዋል። ሚያዝያ ላይ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ የወሰድነውን ክምር ገንዘብ ተቀባዩ ሳይነካው «ተለይቶ ይምጣ» ብሎ መለሰን፤ ተለይቶ ሲመጣ ደግሞ የሚቆጥር ሰው የለም ተባልን። ከባንክ የወጣ ገንዘብ ወደ ባንክ ለመመለስ ይህን ያህል መለመን የሚያስፈልግበት ምክንያት እስካሁን አልገባኝም። በመጨረሻ ያወጣንበት ቅርንጫፍ፣ መቶ መቶ እያደረግን በወረቀት ጠቅልለን ስናቀርብ ተቀበለን።

ዋናው አልበም አሁን በቤተ መጻሕፍቱ መስታወት ውስጥ ይገኛል። ከአምስት ሳንቲሙ ጀምሮ፣ የደጋ አጋዘን ያለበትን አሥር ሳንቲም ጨምሮ፣ ሚዛን እስካለበት የ2002 አንድ ብር ድረስ ኪሶቹ ተሞልተዋል። የመጀመሪያው ኪስ ግን ባዶ ነው፤ ገበሬው በሁለት በሬዎች የሚያርስባት የአሉሚኒየሟ አንድ ሳንቲም ዓመቱን በሙሉ ከየትኛውም ከረጢት አልወጣችልንም። መንገድ ዳር ሻጭ ዘንድ ሦስት አይተናል፤ ዋጋቸውን ጠይቀን በደንባችን መሠረት አልፈናቸዋል። ቤቱ ያለችና ለክበቡ ለመስጠት ፈቃደኛ የሆነ ወላጅ ካለ አንድ ሳንቲሙን እንከፍላለን፤ ደረሰኝም እንሰጣለን።