ለአባቴ፦ ስለ ወንድሜ ሕሊናና ስለ ውትድርና ግዴታ

ይድረስ ኮምቦልቻ ለሚገኙት ለተከበሩ አባቴ፤

አባባ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኛ ደሴ ያለነው አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ በዒዱ ዕለት ታናሽ ወንድሜን በእንግዳ ፊት «ፈሪ» ስላሉት ነው። በዚያ ሰዓት ብመልስልዎ ነውር ይሆንብኝ ነበር፤ ዝም ብዬ ብቀር ደግሞ በአባባልዎ የተስማማሁ ይመስላል። ስለዚህ ከሕግ ትምህርቴ የማውቀውንም ከእርስዎ የተማርኩትንም አንድ ላይ አድርጌ ልጽፍልዎ ወደድኩ።

ልጅዎ ያለው፣ ነፍስን የሰጠ አላህ ስለሆነ መውሰድም የእሱ ነው፤ አገር ብትጠራኝ የታዘዝኩትን ሁሉ እሠራለሁ፣ ሰው ለመግደል ግን መሣሪያ አላነሳም ነው። የእርስዎም መልስ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ደርግ በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅን ሲያወጣ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለው ዜጋ ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል ደነገገ፤ ለየቀበሌውና ለየገበሬ ማኅበሩም ኮታ ተደለደለ። ኮታው በሰው ቁጥር የሚሞላ ስለነበር፣ አንዱ ጫካ ሲገባ ወይም ዘመድ ቤት ሲሸሸግ የሌላዋ እናት ልጅ ከገበያ ታፍሶ በእሱ ቦታ ይሄድ ነበር። እርስዎም የተወሰዱት እንደዚያው ነው፤ አብረውዎት ከተጫኑት የሰፈርዎ ልጆች ብዙዎቹ ሰሜን ቀርተዋል። «የአንዱን እምቢታ የሚከፍለው ሌላው ነው» ሲሉ የሚናገሩት እነሱን እያሰቡ መሆኑን ስለማውቅ፣ ይህን ክርክርዎን ከሌሎቹ ሁሉ አብልጬ አከብረዋለሁ።

ነገር ግን አባባ፣ ያኔ የተሸሸገውና ዛሬ ወንድሜ የሚለው አንድ አይደሉም። የተሸሸገው ስሙን አልሰጠም፣ ምክንያቱን አልተናገረም፣ በምትኩ ያቀረበውም ነገር አልነበረም። ሕሊናው ያልፈቀደለት ሰው ግን በአደባባይ ቆሞ፣ ስሙን አስመዝግቦ፣ ከመግደል በስተቀር የምታዙኝን እዘዙኝ ይላል። ይህን ልዩነት ሕገ መንግሥታችንም ያውቀዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 ማንም ሰው ተገዶ ሥራ እንዳይሠራ ከከለከለ በኋላ፣ በንዑስ አንቀጽ 4 ከክልከላው ውጭ ከሚያደርጋቸው ነገሮች አንዱ፣ ሕሊናው ውትድርናን ያልፈቀደለት ሰው በግዴታ ውትድርና ምትክ የሚሰጠው አገልግሎት ነው። ድንጋጌው አጭር ነው፤ እምቢ የማለትን መብት በቀጥታ አይሰጥም። ሆኖም እንዲህ ያለ ሰው መኖሩን አምኖ ተቀብሏል፤ በውትድርናው ፈንታ ሊጠየቅ የሚችለውም ሌላ አገልግሎት መሆኑን ያመለክታል። ዛሬ ሠራዊቱ በሕግ የፈቃደኞች በመሆኑ ድንጋጌው ሳይፈተን ተቀምጧል። የእኔ ስጋት ግዴታው አንድ ቀን ድንገት ሲመጣ፣ የአንድን ሰው ሕሊና ማን አይቶ በምን መለኪያ እንደሚወስን ሳይታሰብበት እንዳይደርስ ነው፤ ያኔ እውነተኛውም አስመሳዩም በአንድ መኪና ይጫናሉ።

ምትክ የሚባለው አገልግሎት ማምለጫ ይሆናል ብለው ከሰጉ ደቡብ ኮሪያን ይመልከቱ። እዚያ ውትድርና ግዴታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ምትክ አገልግሎት አለመዘጋጀቱን ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን ሆኖ እስኪያገኘው ድረስ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ የይሖዋ ምስክሮች፣ ታስረዋል። ከ2020 ጀምሮ ግን ወታደሩ 18 ወር ሲያገለግል እነሱ 36 ወር በማረሚያ ቤት እያደሩ ይሠራሉ። እጥፍ መሆኑ ለእኔ ቅጣት ነው፤ ፍትሕ አልለውም። ቢሆንም ያንን ጊዜ ወዶ የሚቀበል ሰው ሸክሙን ለሌላ ጥሎ ሄደ ሊባል አይችልም።

የእኛዋ ደሴም ምስክር ናት። በኅዳር ወር 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በመትረየስ ተኩሰዋል፤ በዚያው ድብደባ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት የአድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታልም ተመትቷል፤ ሐኪሞቹም ቁስለኛ ያክሙ ነበር። ከእነዚያ ሐኪሞች አገልግለዋል የማይባል ማን ነው? ከዚያው እምነት የሆነው አሜሪካዊው ዴዝሞንድ ዶስ መሣሪያ አልይዝም በማለቱ በሥልጠና ላይ ጓደኞቹ ሲያንቋሽሹት ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ1945 በኦኪናዋ ጦርነት 75 ያህል ቁስለኞችን ከገደል አፋፍ በገመድ እያወረደ አትርፎ የአገሩን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ ተሸልሟል።

ሩቅ ሳልሄድ ግን የእርስዎን ላንሳ። አጎቴ የተገደለ ጊዜ ዘመድ ሁሉ ደሙን መልስ ሲልዎት፣ መሣሪያውም ቤት ውስጥ እያለ፣ ከጦር ሜዳ የተመለሱት እርስዎ መተኮስ አቅቶዎት ነበር? አስታራቂ ሽማግሌዎቹ አበጋሮች መጥተው ደሙ በእርቅ እስኪደርቅ ድረስ ስንት ነገር ሲባሉ ታግሰው ጠበቁ። እኔ ያደግኩት ያንን እያየሁ ነው፤ ወንድሜም እንዲሁ። የአገር ነገር ከደም መመለስ ይለያል እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ እውነትም ይለያል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ያየሁትን አይቼ፣ መሣሪያ ይዞ የሚቆም ሰው አያስፈልግም ብዬ አልከራከርም። የምለው፣ ሁሉም በአንድ መንገድ ብቻ እንዲያገለግል ማስገደድ እንደ እርስዎ ልጅ ያለውን ሰው ወይ ሐሰተኛ ወይ እስረኛ ያደርገዋል ነው።

እሱ አሁን የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና እየተከታተለ ነው። የሚመጣው ጁምዓ ሐረጎን ወርዶ እርስዎ ዘንድ ይመጣል። ሲመጣ በእኛ ፊት ሳይሆን ብቻውን አስቀምጠው፣ ጥይት እየዘነበ ቁስለኛ አንሣ ብትባል ትሄዳለህ ወይ ብለው ይጠይቁልኝ። መልሱን እኔ አውቀዋለሁ፤ ከእሱ አፍ ቢሰሙት ግን ይሻላል። መልሱ ካላጠገበዎት እንደገና ይቆጡት፤ ካጠገበዎት ደግሞ በዒዱ ዕለት ለነበሩት ዘመዶች ይንገሩልን።

አክባሪ ልጅዎ፣
ከደሴ