ስለ ልጆቻችሁ ጉሮሮ እና ስለ አንድ የልብ ሐኪም

ውድ ወላጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

አትደንግጡ፣ ደብዳቤው ስለ ክፍያ አይደለም።

ባለፈው ሳምንት የሳይንስ ክበብ ልጆች በጠዋት ሰልፍ ላይ ስለ ልብ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ቦንጋኒ ማዮሲ አነበቡልን። ሲጨርሱ አንድ የ5ኛ ክፍል ልጅ እጁን አወጣና «ጉሮሮና ልብ ምን አገናኛቸው?» አለ። መምህራኑ ተያዩ። እኔም መልሱን ለእናንተ ላድርስ ብዬ ነው።

ማዮሲ በ1967 (እ.ኤ.አ.) በደቡብ አፍሪካ ትራንስካይ ተወለዱ። አባታቸው ሐኪም፣ እናታቸው ነርስ ነበሩ። በዚያው ዓመት በዓለም የመጀመሪያው የሰው ልብ ንቅለ ተከላ በኬፕታውን ግሩት ስኩር ሆስፒታል ተደረገ። ኋላ ማዮሲ ኦክስፎርድ ተምረው ሲመለሱ የዚሁ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል ኃላፊ ሆኑ፤ በቦታው የመጀመሪያው ጥቁር ናቸው። ስም ያለው ሆስፒታል፣ ስም ያለው ትምህርት። እሳቸው ግን አብዝተው የደከሙት ማንም ዞር ብሎ ላላየው ለድሃ ልጆች የልብ ሕመም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዳንድ የጉሮሮ ሕመም ስትሬፕቶኮከስ ከሚባል ባክቴሪያ ይመጣል። በጊዜው ካልታከመ አንዳንድ ልጆች ላይ ሰውነት ባክቴሪያውን እዋጋለሁ ብሎ የራሱን መገጣጠሚያና የልብ ቫልቭ (ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋውን የልብ በር) ያጠቃል። የልቡ ጉዳት ሩማቲክ የልብ ሕመም ይባላል። ቫልቩ አንዴ ከተበላሸ መፍትሔው ኦፕራሲዮን ሊሆን ይችላል። ጉሮሮውን ግን ፔንስሊን ያክመዋል። እኔ ራሴ ተማሪ እያለሁ ደረጃ ስትወጣ መሀል ላይ ቆማ ግድግዳ የምትደገፍ የክፍል ጓደኛ ነበረችኝ፤ ሰነፍ ትመስለን ነበር።

ማዮሲና ባልደረቦቻቸው ኢትዮጵያን ጨምሮ በ14 አገሮች በዚህ የልብ ሕመም የተያዙ 3,343 ሰዎችን መዝግበው ተከታተሉ። ግማሽ ያህሉ ከ28 ዓመት በታች ነበሩ። በ2 ዓመት ውስጥ ከ100ው 17 ያህሉ ሞቱ። በ2015 ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ፣ አፍሪካ ኅብረት ውስጥ በሽታውን ከአህጉሩ ለማጥፋት የወጣው ሰነድ ላይ እጃቸው አለበት። ሰነዱ የሚጠራው በከተማችን ስም ነው፤ ልጆቹ ይቺን ሲሰሙ አጨበጨቡ።

በ2018፣ በ51 ዓመታቸው አረፉ። በድብርት ሕመም ይሰቃዩ እንደነበር ቤተሰባቸው አልደበቀም። ልጆቹ ሲጠይቁን እኛም አልደበቅንም። ቤት መጥተው ከጠየቋችሁ እባካችሁ «ዝም በል» አትበሏቸው።

ወደ ጉሮሮው ልመለስ። መቼም ሁሉም የጉሮሮ ሕመም ባክቴሪያ አይደለም፣ አብዛኛው በቫይረስ የሚመጣ ነው። ለይቶ የሚነግራችሁ ግን ጤና ጣቢያ እንጂ ጎረቤት አይደለም። ጉሮሮው አሞት ትኩሳት ያለው ልጅ ይታይ። እንጥል ማስቆረጥ ይቅር፣ በእናታችሁ! ኪኒን ከታዘዘም ልጁ ሻል አለው ተብሎ መሀል ላይ አይቆም፤ የተረፈውም ለታናሽየው አይቀመጥ።

በሽታው እንዳያገረሽበት በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የፔንስሊን መርፌ የሚወጋ ልጅ ካላችሁ ቀኑን ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ ጻፉልን። ቀሪ አንለውም። ፈተና ከዋለበትም በማግስቱ እንፈትነዋለን።

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር